ያልታደሰው ጠባሳ፦ የአቶ ፈንታሁን አራጌና የአባታቸው ምንሽር

ከአቀስታም ከአጅባርም፣ ከወንዝ ወዲህም ከወንዝ ማዶም፣ ዳገትና ብርድ ሳትሉ ለአቶ ፈንታሁን አራጌ ቀብር የደረሳችሁ ወገኖች፣ እግራችሁ ይባረክ። የቆማችሁ ተቀመጡ፤ ጽሑፉ ረዘም ይላል። ይህን ዜና ሕይወት ሟቹ ራሳቸው ከጥር ወር ጀምሮ አልጋ ላይ ሆነው እየተናገሩ ያስጻፉት ሲሆን፣ የጻፈውም ዛሬ ቆሞ የሚያነብበውም የእህታቸው የወይዘሮ አልታዬ ልጅ መምህር በላይ ነው። ከሳጥኑ ራስጌ የቆመውን ጠመንጃ አይታችሁታል። ወንድ ሲሞት መሣሪያው በለቅሶ ሜዳ መታየቱ የአገራችን ወግ ስለሆነ ማንም አልተገረመ ይሆናል፤ ይህ ጠመንጃ ግን ለወግ ብቻ የቆመ አይደለም። የቅሬያችንንም፣ የቀብር ማኅበራችንን፣ ደንብ ሁላችሁ ታውቃላችሁ፤ ሬሳ አፈር ሳይለብስ ከለቅሶ ተነሥቶ የሄደ ሰው፣ በራሱ ቀን የሚያነሣው አያገኝም።

አቶ ፈንታሁን ከአባታቸው ከአቶ አራጌና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቦጋለች፣ ከመካነ ሰላም ግማሽ ቀን በእግር በምታስኬደው በቀይ አፈር ቀበሌ፣ በ1927 ዓመተ ምሕረት ተወለዱ። ገና ጡት ሳይጥሉ ጣሊያን አገር ገብቶ ስለ ነበር አባታቸው ምንሽራቸውን አንግተው ዱር ወረዱ፤ አምስቱን ዓመት ሙሉ ቤት ያደረው ሕፃኑና እናቱ ብቻ ነበሩ። አቶ አራጌ በአንዱ ሽሽት ከገደል ሲወድቁ ጠመንጃው ከሰደፉ አንገት ላይ ተሰነጠቀ፤ እርሳቸውም ወዲያው የታረደ በሬ ቆዳ ጠፍር አድርገው ሰንጥቀው፣ እርጥቡን ጠፍር ዐሥራ አንድ ጊዜ ጠምጥመው አሰሩት፤ ሲደርቅ እንደ ብረት ያዘው። ከጠፍሩ በታች ደግሞ አራት የናስ ምስማሮች በመስቀል ቅርጽ መቱበት። ከዚያ ወዲያ በቀይ አፈርና በዙሪያዋ የአራጌን ምንሽር የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ከሩቅ ሲታይ እንኳ ያ ጠፍርና ያ መስቀል ባለቤቱን ይናገር ነበር።

አቶ ፈንታሁን በደብራችን ዳዊት ደግመው፣ ጽሕፈትና ቁጥርም እዚያው ከተማሩ በኋላ፣ በ1946 ዓመተ ምሕረት በዐሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው በውትድርና ተቀጠሩ። እጃቸው ረቂቅ ስለ ነበር ብዙም ሳይቆዩ ወደ መሣሪያ ጥገና ክፍል ተዛወሩ፤ ሃያ ዓመት ያህልም የሰው ሁሉ ጠመንጃ በእጃቸው አለፈ። እዚያ ያስተማሯቸው አንድ ሽማግሌ ሃምሳ አለቃ ሁለት ነገር ደጋግመው ይነግሯቸው ነበር። አንደኛው፣ የታመመ መሣሪያ ይታከማል እንጂ ቆዳው አይገፈፍም። ሁለተኛው፣ ጠጋኝ የሚጨምረው ነገር ሁሉ ከነበረው ነገር ያነሰ ይሁን። ብዙ ወጣት ጠጋኞች አሮጌ መሣሪያ ሲመጣላቸው ፍቀው ፍቀው እንደ ማንኪያ እያንጸባረቁ ለባለቤቱ ሲሰጡ፣ አቶ ፈንታሁን ግን ዝገቱን ብቻ ነጥለው፣ ብረቱ በዕድሜ ያገኘውን ጥቁረት ሳይነኩ ይመልሱ ነበር። በዚህ ጠባያቸው ሲሾፍባቸው ይስቁ ነበር እንጂ አይቆጡም፤ ቁጣ የሚባለውን ነገር ገና አላወቁትም።

ቁጣን ያወቁት በ1966 ዓመተ ምሕረት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በልጉ ቀርቶ፣ ክረምቱም ከድቶ፣ ደጋው ገብሱን ነፍጎ፣ ቆላው ከብቱን ጨርሶ፣ በዚህ በእኛ አገር ሰው በየመንገዱ ዳር እንደ ቅጠል ረገፈ። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ለተቀመጠ ባለርስት ወኪል ሆነው በቀይ አፈር የሚያዝዙት አቶ አሻግሬ ነበሩ። ጎተራቸው ሙሉ ነበር። ሙሉ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም፤ ሌሊት ሌሊት አይጥ እንኳ ወደዚያ ትሄዳለች ይባል ነበር። ከዚህ በታች አቶ አሻግሬ በአንቱታ የሚጠሩት አንባቢው ወዶ አይደለም፤ ሟቹ ናቸው እንዲህ ያዘዙት። ሰውን ከመክሰስ በፊት ማክበር የጨዋ ልጅ ደንብ ነው ብለው።

በሐምሌ 1965 አቶ አራጌ ቤታቸው የቀረውን አይተው፣ ልጃቸው አልታዬ ሁለት ልጆች ይዛ ከነርሱ ጋር መሆኗን አይተው፣ አንድ ነገር ቆረጡ። ምንሽራቸውን በሁለት ጫን ገብስ ሊለውጡ። እዚህ ላይ ለወጣቶቹ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ በዚያ ዘመን ሚስቱን የፈታ ወንድ ይታዘንለታል፣ በሬውን የሸጠ ይመከራል፣ ጠመንጃውን ሲሰጥ የታየ ግን በማግሥቱ ከሰው እኩል አይቀመጥም። ስለዚህ አቶ አራጌ ሰው እንዳያያቸው ጎህ ሳይቀድ፣ ጠመንጃውን በጋቢ ጠቅልለው፣ ምስክር ሳይዙ፣ ዋስ ሳይጠሩ፣ ብቻቸውን ወደ አቶ አሻግሬ ደጅ ሄዱ። ለወዳጅ እንኳ ምስክር ሳይቆጥሩ አንዲት ዶሮ የማይሸጡ ሰው፣ ክብራቸውን ሊሸጡ ሲሄዱ ምስክር መጥራት አፈሩ። ጥፋታቸው ይህች ብቻ ናት። አቶ አሻግሬ ጠመንጃውን በጨለማ ተቀበሉና ለገብሱ ነገ ይምጡ አሉ።

በነጋው አቶ አራጌ ስልቻ ይዘው ሄዱ። ከነገ ወዲያ ተባሉ። ከነገ ወዲያ ሄዱ። በሦስተኛው ቀን አቶ አሻግሬ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ የምን ጠመንጃ ነው የምትለኝ ሰውዬ፣ ማን አየ፣ አሉ። ማን አየ። ይህችን ሁለት ቃል አቶ ፈንታሁን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲደግሟት ኖሩ፤ እናንተም ያዟት፣ ኋላ ታስፈልጋችኋለች። አቶ አራጌ ባዶ ስልቻቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ ሲመለሱ ከቤታቸው ማዶ ካለው ድልድይ አላለፉም፤ ረኃብ እዚያው ጣላቸው። ከእርሳቸው በኋላ ባለቤታቸው ወይዘሮ ቦጋለች፣ ከዚያም በመስከረም አልታዬና ታናሹ ልጇ ተከተሉ። የተረፈው ትልቁ ልጅ ዛሬ ይህን እያነበበላችሁ ነው።

አቶ ፈንታሁን ከጦሩ ተሰናብተው በኅዳር 1966 ሲደርሱ የጠበቃቸው ቤት ሳይሆን አራት መቃብር ነበር። በምሰሶው ላይ የአባታቸው ዝናር ተንጠልጥሎ አገኙት፤ በውስጡም አንዲት ጥይት ቀርታለች። አቶ አራጌ ጠመንጃውን ሲሰጡ እርሷን ለምን እንዳስቀሩ የሚያውቅ የለም። ጠመንጃው ወዴት እንደ ሄደ ከተረፈው ልጅ ሰምተው፣ አቶ ፈንታሁን ዝናሩን ታጥቀው አቶ አሻግሬ ዘንድ ሄዱ፤ አቶ አሻግሬም ካህን አስጠርተው፣ መስቀል ጨብጠው፣ የአራጌን ጠመንጃ እጄ አልነካውም ብለው ማሉ። አቶ ፈንታሁን ያን ቀን እዚያው በደጁ ላይ፣ መሐላው ሳይቀዘቅዝ፣ ይህን ሰው የሚገድሉበትን ጠመንጃ መርጠው ጨረሱ። ሌላ አይደለም፤ ያንኑ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በየካቲት 1967 መሬት ላራሹ ሲታወጅ ሰው ሁሉ አቶ አሻግሬ አለቀላቸው ብሎ ነበር። ዳሩ ግን መሬቱ ሁሉ የአዲስ አበባው ባለርስት እንጂ የእርሳቸው ስላልነበረ፣ በስማቸው አንዲት ገመድ መሬት ሳይገኝባቸው፣ ጭሰኛ ነኝ ብለው ቀርበው፣ ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው በሚፈለግበት በዚያ ጊዜ ከሁሉ በላይ ጮክ ብለው፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሆነው ቁጭ አሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እዚህ ግን ጅቡ ሳይሄድ የውሾች አለቃ ሆነ። ጎተራቸው ራሱ የማኅበሩ ዕቃ ቤት ተባለ፤ ቁልፉ ግን ከወገባቸው አልወረደም።

በዚያ ቤት በገረድነት ያደገች ሸጋዬ የምትባል ልጃገረድ ነበረች። በ1968 መጀመሪያ ላይ ከመካነ ሰላም ገበያ ስትመለስ አቶ ፈንታሁንን መንገድ ላይ አስቁማ፣ ያባትዎ ጠመንጃ ከጎተራው ሥር ነው፣ ያን ሌሊት እኔ ምጣድ ስር እሳት አቀጣጥል ነበር፣ ሲያስረክቡ አይቻለሁ፣ ኋላም ማን አየ ሲባሉ ሰምቻለሁ አለቻቸው። አቶ አሻግሬ አዋጁ ሲመጣ መሣሪያ ይፈተሻል ብለው ፈርተው፣ ሰደፉን በመጥረቢያ መትተው፣ ብረቱን ከእንጨቱ ለያይተው፣ በጆንያ ጠቅልለው ቀብረውት ነበር። ጎተራው በዚያው ሰሞን በሌሊት ዝናብ ሲፈርስ አቶ ፈንታሁን ከአቶ አሻግሬ ቀድመው ደርሰው ከአፈሩ ሥር አወጡት። ከዚያም፣ በሦስት ወር ውስጥ፣ ሸጋዬን አገቡ። ልጅቷ መልካም ነበረች፣ እርሳቸውም ወንድ ነበሩ፤ ፍቅር ችሎት የት እንደሚቀመጥ አያውቅም። ሆኖም በአገራችን የሚስት ምስክርነት ለባሏ አይቆጠርም፤ አቶ ፈንታሁን በዓይኗ ያየች አንዲት ምስክር ነበረቻቸው፣ እርሷንም በገዛ ፈቃዳቸው ሚስት አድርገው ከችሎት አስወጧት። ይህን ያወቁት ከሠርጉ በኋላ ሲሆን፣ ወይዘሮ ሸጋዬ እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ባነሡ ቁጥር ሳቅ ይቀድማቸዋል።

እነሆ ጠመንጃው በምን ሁኔታ ተገኘ። ምስጥ እንጨቱን ከሥሩ በልቶታል። አፈሙዙ በጭቃ ተደፍኗል። ጥይቱን የሚወጋው መርፌ ተሰብሯል፣ ሞላው ላልቷል። በሰደፉ ላይ የመጥረቢያው ምት ጣት የሚያህል ጥልቅ ሆኖ ይታያል። አቶ ፈንታሁን ጠመንጃውን ወደ መካነ ሰላም፣ ማረሻና ቁልፍ ወደሚሠሩት ወዳጃቸው ወደ ቀጥቃጩ ጀብሪል በየገበያው ቀን አንድ አንድ ቁራጭ አድርገው ወሰዱት፤ መሣሪያ የተገኘበት ሰው በዚያ ጊዜ ለጥያቄ አይቆምምና፣ አፈሙዙን በሸምበቆ ውስጥ፣ መዝጊያውን በቅል ውስጥ፣ እንጨቱን ከማገዶ ጋር አስረው አጋዙት።

ጀብሪል ሰደፉን አገላብጠው አዩና፣ ወላሂ ፈንቴ፣ ይህማ ለእሳት እንጂ ለሰው አይሆንም፣ ጥሩ የዋንዛ እንጨት አለኝ፣ በሁለት ቀን አዲስ አወጣልሃለሁ አሉ። አቶ ፈንታሁን፣ አዲስ ከለበሰ ማን ያውቀዋል አሉ። ጀብሪል ተኩስ ነው የምትፈልገው ወይስ መልክ ሲሉ፣ አቶ ፈንታሁን ሁለቱንም አሉ፤ የሚሞተው ሰው ምን እንደ ገደለው እንዲያውቅ እፈልጋለሁ። ጀብሪል ሞረዳቸውን አነሡ። ሥራው አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጀ። ብረቱን በነጭ ጋዝ ነክረው፣ ሻካራ ጨርቅና አመድ ይዘው፣ ዝገቱን ቀስ ቀስ እያሉ አነሡት፤ ከሥሩ ያለውን ጥቁረት ግን አልነኩትም። መርፌውን ከአሮጌ ሞረድ አወጡት። ምስጥ የበላውን ጎን የተልባ ዘይት እያጠጡ፣ ከዚያ ሰፈፍና የእንጨት ብናኝ አዋህደው ሞሉት፤ ከአሮጌው እንዳይለይ ግን ቀለም አላለበሱትም፣ ተጠግኖ መሆኑ ይታይ አሉ። ጠፍሩ ሙሉ ነበር፤ አፈር ውስጥ ዓመት ተቀምጦ አልተበጠሰም፤ እርሱን በውሃ ጨርቅ ብቻ ጠረጉት። የናሱን መስቀል ጀብሪል ሊወለውሉት ሲሞክሩ አቶ ፈንታሁን እጃቸውን ያዙ። የመጥረቢያውንም ምት ልድፈነው ሲሉ፣ እርሱ ይቅር፣ እርሱ የአሻግሬ ፊርማ ነው አሉ። ዛሬ ቀርቦ የሚያይ ሰው ሁሉንም ያያል፤ የአራጌን ስብራት፣ የአራጌን ጠፍር፣ የምስጡን ጉድጓድና የመጥረቢያውን ቁስል። አንዳቸውም አልተሸፈኑም።

በግንቦት 1969 አንድ ጠዋት አቶ አሻግሬ በበቅሎ ወደ መካነ ሰላም ስብሰባ ሲወርዱ፣ ጠባቂዎቻቸው ቀድመው ወንዙን ተሻግረው፣ እርሳቸው ኮርቻ ለማጥበቅ ወደ ኋላ ቀርተው፣ መሻገሪያው ላይ አቶ ፈንታሁንን አገኟቸው። ጠመንጃው ጎርሷል፤ ያች አንዲት ጥይት ገብታለች። አቶ አሻግሬ የሰውየውን ፊት አላዩም፣ ጠፍሩን ነው ያዩት፤ ከዚያ መስቀሉን። ከበቅሎው ወርደው ውሃው ውስጥ ተንበረከኩ። በአራጌ አምላክ አሉ። ገብሱን እሰጥሃለሁ አሉ፤ ከዐራት መቃብር በኋላ ገብስ። አቶ ፈንታሁን ጣታቸው ምላጩ ላይ እንደ ነበርና ምላጩም ለስላሳ እንደ ነበር፣ በእጃቸው ስለሠሩት ያውቁት እንደ ነበር ተናግረዋል። ለምን አልተኮሱም? ምሕረት አይደለም። ማንም እንዳይሳሳት ሁለት ጊዜ ጻፈው ብለው አዘዋል፤ ምሕረት አይደለም። ግራ ቀኝ ሲያዩ ሰው አልነበረም፤ ወንዙና በቅሎው ብቻ። ያን ጊዜ በልባቸው፣ አባቴ በጨለማ ያለ ምስክር ተወሰደበት፣ እኔም ያለ ምስክር ብመልሰው ይህ ሰው የኔን አባት ጠመንጃ አላየሁም እንዳለ ይሞታል፣ ነገ ሰው ሲጠይቅ ማን አየ ይባላል አሉ። ለአቶ አሻግሬም፣ ተነሥ፣ ሰው ባለበት እንገናኛለን ብለዋቸው ዳገቱን ወጡ።

አቶ አሻግሬ ሊቀ መንበር ሆነው ሳሉ ስለምን አላሳሰሯቸውም የሚል ይኖራል። ጠመንጃ አየሁበት ቢሉ፣ የማን ጠመንጃ የሚለው ይከተላላ። ሁለት ጊዜ ሌላ ሰበብ ፈልገው ቤቱን አስፈትሸዋል፣ አላገኙም። በ1983 ሥርዓቱ ሲወድቅና የአቶ አሻግሬ ሥልጣን ሲያልቅ አቶ ፈንታሁን ሽማግሌ ላኩ፤ ካሣ አልጠየቁም፣ መሬት አልጠየቁም። አንድ ነገር ብቻ፦ በቅሬው ፊት ቆሞ ከአራጌ እጅ ተቀብዬ ገብሱን ከልክያለሁ ይበል። ሽማግሌዎቹ ምስክር ሲሉ ወይዘሮ ሸጋዬ ቆሙ፤ ሚስት ናት ተባለ። ጠመንጃው ቀረበ፤ አቶ አሻግሬ ይህ ከየትም የተገኘ አሮጌ ብረት ነው አሉና፣ አገር ሁሉ በተሰበሰበበት እንደገና፣ ማን አየ አሉ።

ከዚያ በኋላ የአቶ ፈንታሁን ሳምባ ታመመ። ደሴ ሄደው ታከሙ፤ ሐኪሞቹ የቻሉትን አድርገው መለሷቸው። የንስሐ አባታቸው በየሳምንቱ እየመጡ ይቅር በል ልጄ፣ ቂም ይዘህ አትሂድ ሲሏቸው፣ አባቴ፣ ይቅርታ የሚሰጠው ለጠየቀ ነው፣ እኔ በር አልዘጋሁም፣ የሚያንኳኳ ጠፋ ብለው ይመልሱ ነበር። መጋቢት 11 ቀን 1984 ዓመተ ምሕረት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ጠመንጃው ከአልጋው ራስጌ ተደግፎ፣ በተወለዱ በሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ።

አቶ ፈንታሁን ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሸጋዬን፣ ልጆቻቸውን ብርሀንነሽንና ንጉሡን፣ የእህታቸውን ልጅ በላይን፣ በእምነት ቢለያዩም ከወንድም የማይተናነሱ ወዳጃቸውን ጀብሪልንና በዚህ የተሰበሰበውን ወገን ሁሉ ትተው ሄደዋል። ማንም ባላየበት የሚያይ አምላክ ነፍሳቸውን ከአባታቸው ከአራጌ፣ ከእናታቸው ከቦጋለች፣ ከእህታቸው ከአልታዬ አጠገብ፣ ረኃብ በሌለበት ያኑርልን።

የመጨረሻው ኑዛዜያቸው ይህ ነው። ጠመንጃውን ከሳጥኑ ፊት ተሸክሞ እስከ መቃብር የሚሄደው ልጃቸው አይደለም፣ አቶ አሻግሬ ናቸው፤ በፊተኛው ረድፍ፣ ከዛፉ ሥር ተቀምጠዋል። ሲቀበሉም ከማን እጅ እንደ ተቀበሉት ይናገሩ፤ ያን ጊዜ ይቅርታው ሙሉ ነው። በሟቹ ቀኝ እጅ ውስጥ ያቺ አንዲት ጥይት አለች። አቶ አሻግሬ ከተናገሩ እርሷ ትውጣና ወንዝ ትጣል፤ ዝም ካሉ ግን ከሟቹ ጋር ትቀበር፣ ወዲያኛው ዓለም ምስክር አይጎድልም ብለዋል። ጠመንጃው እነሆ፣ ሕዝቡም እነሆ፣ አቶ አሻግሬ፤ ዛሬ ማን አየ የሚባል ነገር የለም። የሳጥኑ ክዳን ገና በምስማር አልተመታም።